ለኪራይ ቤት የትኛው ቦይለር ይሻላል?

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ለምታከራየው ባለ ሁለት መኝታ ቤት የማያስቸግር ቦይለር የቱ ነው ብለህ ጠይቀሃል። ብራንዱን ለጊዜው ተወው። ሻወሩ ላይ የሚገጠመውን ፈጣን ማሞቂያ ግን ከሐሳብህ አውጣው። 5500 ዋት የሆነው በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል። በስስ ሽቦ የተዘረጋ ቤት ይህን አይችልም።

ታንከር ያለው፣ 50 ሊትር፣ 1500 ዋት ይበቃሃል። የእኛ ከተማ እንደ ደብረ ብርሃን አይበርድም። በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ 60 ዲግሪ ይደርሳል።

ስትገዛ ስለ ማግኒዚየም ዘንጉ ጠይቅ፤ መለዋወጫው የማይገኝለትን አትግዛ። ታንከሩን ከዝገት የሚያድነው እሱ ነው፣ ራሱ እየተበላ። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አስከፍተህ አሳየው። ተከራይ ያደርገዋል ብለህ አትጠብቅ፣ ምን በወጣው!

ሴፍቲ ቫልቩ ሲያንጠባጥብ "ልድፈነው" የሚል ባለሙያ ከመጣ አሰናብተው። ውሃው ሲሞቅ ግፊቱን የሚያስተነፍሰው እሱ ነው፤ ከተደፈነ ታንከሩ ሊፈነዳ ይችላል። ኧርዝ (የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) ከሌለም ጭራሽ አታስገጥም። ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ፣ ታንከሩ ሳይሞላ እንዳያበሩት ለተከራዮቹ ንገራቸው፤ ባዶውን ከበራ ውስጡ ያለው ማሞቂያ ይቃጠላል።