መልስ፦ ለዶሮ ወጥና ለጥብስ የቱ ወይን ይሄዳል?

እህቴ ኮምቦልቻ ቤትሽ እንግዳ ጠርተሽ ዶሮ ወጥም ጥብስም ስላለ አንድ አይነት ወይን ይበቃል ወይ ላልሽው፣ በኔ በኩል ሁለት አይነት ግዢ። ለዶሮው ደረቅ (ጣፋጭ ያልሆነ) ቀይ ወይን እንዳትሞክሪ፣ በርበሬው ላይ አልኮሉና ታኒኑ (ያ ድድ የሚያደርቀው ነገር) ሲጨመርበት ማቃጠሉ ይብሳል፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ግን ያበርደዋል ስለዚህ አኬሺያ ሚዲየም ስዊት ውሰጂ፣ ከዶሮ ጋር 8 ከ10 እሰጠዋለሁ። አክሱሚትም ጣፋጭ ነው ግን ለኔ ከወጥ ጋር ይከብደኛል፣ 6፣ ከምግብ በኋላ ይሻላል።

ለጥብሱ የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ሲራ (ደረቅ ቀይ ወይን ነው)፣ 9 ነው ያለምንም ክርክር! የስጋው ስብና ጨው ታኒኑን ያለሰልሰዋል፣ አዋዜ ውስጥ ካልዘፈቅሽው ማለቴ ነው። ጉደርም ደረቅ ስለሆነ ለጥብስ ይሆናል፣ 7። የሐይቅ ዓሣ ካገኘሽ ደሞ ጠብሰሽ ሎሚ ጠብ አርጊበትና ሻርዶኔ (ነጭ ወይን) ክፈቺ፣ በርበሬ ግን አታስጠጊው።

አንድ ሰው የማይነግርሽ ነገር ሙቀቱ ነው። ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ነው ጣዕሙ የሚወጣው፣ ደሴ ብትሆኚ ብርዱ ራሱ ይበቃሽ ነበር ኮምቦልቻ ግን ከመክፈትሽ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ አስገቢው፣ ነጩን በደንብ አቀዝቅዢው። ነጥብ ስትሰጪ መጀመሪያ አሽትተሽ ባዶውን ቅመሺ፣ ከዛ አንድ ጉርሻ በልተሽ ድገሚው፣ ብዙ ጊዜ ነጥቡ የሚቀየረው እዛ ጋ ነው። ለማይጠጡት ደሞ ለስላሳ አትርሺ።