በፍላሽ የተሸጠው «6ኛ ክፍል»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ስካይሪም የተባለውን ጌም ያወቅሁት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በሰፈራችን በነበረ ጌም ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ኪሴ ውስጥ ያለው ብር ከግማሽ ሰዓት በላይ ስለማያጫውተኝ አብዛኛውን ታሪክ የተከታተልሁት ከሌሎች ወንበር ጀርባ ቆሜ ነው። ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ግቢ ስገባ ታላቅ ወንድሜ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛልኝ። ባትሪው የሞተ በመሆኑ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይጠፋል። ጌሙ በር በገባሁ ቁጥር በራሱ ሴቭ እንደሚያደርግ ከተረዳሁ በኋላ ግን፣ ከዘንዶ ጋር ከመግጠሜ በፊት በአቅራቢያዬ ወዳለ ቤት ገብቼ መውጣትን ልማድ አደረግሁት። የዶርም ልጆች «ደግሞ ሊሳለም ገባ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የጌሙ ቀጣይ ክፍል፣ ማለትም 6ኛው፣ እንደሚሠራ የተነገረ ጊዜ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ዛሬ ተመርቄ ሥራ ይዣለሁ። ባለፈው ወር ፊልምና ጌም ከሚጭን አንድ ሱቅ «ሲክስ ገብቷል» ተብዬ 400 ብር ከፍዬ በፍላሽ አስጫንሁ። ስከፍተው ስካይሪም የሚጀምርበት ያ የምናውቀው ጋሪ የለም። ሰውዬው መጀመሪያ አባቱን በቅዠት ያያል፤ ከዚያ ከጓደኛው ጋር በመርከብ ተደብቆ ሲጓዝ ይያዝና ባሕር ውስጥ ይጣላል። አገሩም ከተማውም ሰዉም አዲስ ነው፤ የሰይፉ አሰነዛዘርና የሰውዬው አረማመድ ግን ቁርጥ ስካይሪም ነው። ከጓደኞቼ ግማሹ «እውነተኛው ነው» ሲሉ ግማሹ «ተበልተሃል» ይሉኛል። ለመሆኑ 6ኛው ክፍል ወጥቷል? ካልወጣስ ምን ያህል እንጠብቅ? ይህ የገዛሁትስ ምንድን ነው? (ከሽንብጥ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱ አጭር ስለሆነ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሣ። የገለጽኸው ቅዠት፣ መርከብና ባሕር ኤንደራል የተባለው ጌም መግቢያ ነው። የሠሩት ሱሬአይ በሚል ስም የሚታወቁ ጀርመናውያን የጌም ወዳጆች ሲሆኑ፣ ለሕዝብ የለቀቁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ነው (ከዚህ በታችም ዓመታቱን በዚያው አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የስካይሪም ባለቤት የሆነው ቤተስዳ ጌሙን ባወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ተጫዋቾች የራሳቸውን ቤት፣ ዋሻና ታሪክ እየሠሩ የሚጨምሩበትን መሣሪያ በነፃ ለቆ ነበር። አብዛኛው ሰው በዚያ መሣሪያ አንድ ጎራዴ ወይም አንድ ጎጆ ሲጨምር፣ እነዚህ ሰዎች ግን ኢንጂኑን፣ ማለትም ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ብቻ አስቀርተው ካርታውን፣ ታሪኩን፣ ንግግሩንና ሕጉን እንዳለ ከመሠረቱ ሠሩት። ሰይፉ የለመድኸው ሰይፍ፣ አገሩ ደግሞ የማታውቀው አገር የሆነብህ በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ጓደኞችህ ሁለቱም ወገን በከፊል ልክ ናቸው ማለት ነው። ኤንደራል ስካይሪም ላለው ሰው ሁሉ በነፃ የሚሰጥ ሥራ ስለሆነ፣ ሻጩ የሌለውን ስም ለጥፎ 400 ብር ሲቀበልህ ዋሽቶሃል። ዕቃው ግን የሚጣል አይደለም፤ እኔ እንዲያውም በታሪኩ ከራሱ ከስካይሪም ይበልጣል ከሚሉት ወገን ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፦ በስካይሪም እንደለመድኸው ጦርነት መካከል የፈውስ መድኃኒት ጠርሙስ በጠርሙስ ላይ አትጨልጥ። በኤንደራል መድኃኒቱም የፈውስ አስማቱም ሰውነት ውስጥ የሚጠራቀም ትኩሳት ያመጣል፤ መለኪያው መቶ ሲሞላ ጠላት ሳይነካህ ትሞታለህ። ሌላው ደግሞ ጠላቶች ከአንተ ጉልበት ጋር እየተመጣጠኑ ስለማይመጡልህ፣ ገና ጀማሪ ሆነህ ወደማይሆን ጫካ ከገባህ በር እየተሳለሙ መግባትም አያድንህም።

ወደ ዋናው ጥያቄህ ስመለስ፣ 6ኛው ክፍል አልወጣም፤ የሚወጣበት ቀንም አልተነገረም። የተከታታዩ አጠቃላይ ስም ኤልደር ስክሮልስ ሲሆን ስካይሪም 5ኛው ነው፤ ለገበያ የቀረበውም በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 1 ቀን 2004 ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩትን ክፍሎች ብትደረድር አሬና በ1994፣ ዳገርፎል በ1996፣ ሞሮዊንድ በ2002፣ ኦብሊቪየን በ2006 ወጥተው ታገኛለህ። ከሁለት ዓመት እስከ ስድስት ዓመት መጠበቅ የተለመደ ነበር ማለት ነው። ከ5ኛው በኋላ ግን ወረፋው ረዘመ። ያው ስቱዲዮ ፎልአውት 4ን በ2015፣ ፎልአውት 76ን በ2018፣ ስታርፊልድን በ2023 አወጣ፤ 6ኛው ክፍል ከእነዚህ ሁሉ ጀርባ ተሰልፎ ቆየ። ሥራውም በዚያው ልክ ገዘፈ፤ ስካይሪምን የሠሩት መቶ ያህል ሰዎች ሲሆኑ ስታርፊልድን የሠሩት ከ400 በላይ ናቸው። በ2021 ማይክሮሶፍት የቤተስዳን እናት ኩባንያ በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ሲገዛ ብዙ ሰው «አሁንማ ገንዘብ ስላለ ይፈጥናል» ብሎ ነበር። የጎደለው ገንዘብ ቢሆን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር፤ የጎደለው ግን በሌላ ሥራ የተያዘ እጅ ነው።

አንተን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለህ ያስፈነደቀህ ቪዲዮ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 3 ቀን 2010 (በአውሮፓውያኑ 2018) የታየው ነው። እስቲ መልሰህ እየው፦ ግማሽ ደቂቃ ለሚያህል ጊዜ ካሜራው በተራሮችና በባሕር ዳርቻ ላይ ያልፋል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ስሙ ይወጣል፣ አለቀ። የጌሙ ንዑስ ርእስ እንኳ የለበትም። ስቱዲዮው በዚያን ጊዜ ገና ስታርፊልድን እየሠራ ነበር፤ 6ኛው ክፍል ከቅድመ ዝግጅት ወጥቶ ወደ ሥራ መግባቱን የተናገረው በ2023 ክረምት ነው። በመጋቢት 2024 ደግሞ የተከታታዩን 30ኛ ዓመት ሲያከብር፣ ሠራተኞቹ የጌሙን የመጀመሪያ ቅጂዎች እየተጫወቱ መሆናቸውን ገልጿል። ስለዚህ ጥበቃህን ከ2018 አትቁጠረው፤ ያ ቪዲዮ እርሻው ሳይታረስ የተጠራ ድግስ ነበር። በአንጻሩ የኦብሊቪየን እድሳት በሚያዝያ 2025 ሲወጣ ማስታወቂያውና ሽያጩ የዋሉት በአንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን ማንም ሰባት ዓመት አልጠበቀም።

የጣና ገዳማት አጠገብ ላደገ ሰው ስካይሪም የሚርቅ ዓለም እንዳልሆነ አውቃለሁ። በጌሙ ውስጥ በበረዶው ተራራ ላይ ተገልለው የሚኖሩትን ሽማግሌዎች ታስታውሳቸዋለህ፤ ድምፃቸው ሰው ስለሚጎዳ ከአንዱ በቀር ሁሉም ዝምታን የያዙትን። የዘጌን መንገድ በእግሩ የወጣ የባሕር ዳር ልጅ እነርሱን ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ናፍቆትህን አልነቅፍም፤ 400 ብሩን ነው የምነቅፈው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። እኔና ጓደኞቼ ባልዱርስ ጌት 3 የተባለውን ጌም እየተቀያየርን በአንድ ኮምፒዩተር ጨርሰን 4ኛውን በጉጉት እየጠበቅን ሳለ፣ የሠራው ስቱዲዮ እንደማይቀጥል ሰማን። 60 ያህል ፊርማ አሰባስበን በኢሜይል ልንልክ አስበናል፤ ገንዘብ አዋጡ ከተባልንም ለማዋጣት ዝግጁ ነን። ይህ ነገር ለውጥ ያመጣል? (ከፔዳ ግቢ)

መልስ፦ እህቴ፣ የሰማሽው እውነት ነው። ጌሙን የሠራው የቤልጂየሙ ላሪያን ስቱዲዮ ሲሆን፣ ኃላፊው ስቬን ቪንክ በመጋቢት 2024 ባልዱርስ ጌት 4ን እንደማይሠሩ በይፋ ተናግሯል። ይህን ያለው ጌሙ ስላልተሸጠ ወይም ስላልተወደደ አይደለም፤ በ2023 የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ የተሸለመ ሥራ ነው። ነገሩ ያለው ስሙ የማን ነው በሚለው ላይ ነው። ባልዱርስ ጌት የተመሠረተበት ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የጠረጴዛ ጨዋታ፣ የአሻንጉሊት ኩባንያው የሃዝብሮ ቅርንጫፍ የሆነው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ንብረት ነው፤ ላሪያን የሠራው በፈቃድ፣ ለማለት ያህል በሰው መሬት ላይ ነበር። ስቱዲዮው የራሱን ዓለም ልሥራ ብሎ ሲመለስ መሬቱ ከባለቤቱ ጋር ቀረ። 4ኛውን ክፍል ሊያሠራ የሚችለው ያ ባለቤት እንጂ እናንተ የወደዳችሁት ስቱዲዮ አይደለም። ስለዚህ ፊርማውን ለላሪያን ከላካችሁት አድራሻውን ስታችኋል ማለት ነው።

አድራሻው ቢስተካከልም በፊርማ ላይ ብዙ ተስፋ አልጥልም። ባለቤቱ ጌሙ እንደሚወደድ ከማንም ሳይጠይቅ ያውቃል። ደግሞም 2ኛው ክፍል በ2000 ወጥቶ 3ኛው የመጣው በ2023 ሲሆን፣ በዚያ 23 ዓመት ውስጥ የለመነ ሰው ጠፍቶ አልነበረም። የተጫዋች ቃል በእርግጥ የሠራበትን ቦታ ልንገርሽ፦ ላሪያን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሳያልቅ በጥቅምት 2020 ለሽያጭ አቅርቦ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የገዙትን ሰዎች አስተያየት እየሰማ ሲያርም ቆይቷል። «ይህ ውጊያ እዚህ ላይ ይንዛዛል፣ ይህች ሴት እንዲህ ስትለኝ አልገባኝም» ብሎ የጻፈ ሰው፣ «እባካችሁ ቀጥሉ» ብሎ ከፈረመው ይልቅ ጌሙ ላይ እጁ አለበት።

መዋጮን በተመለከተ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ኦብሲዲያን የተባለው ስቱዲዮ በ2012 ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ የተባለውን ጌም ለመሥራት ሕዝብ አዋጡልኝ ሲል 74 ሺህ ያህል ሰዎች ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ሰጡት፤ ጌሙም በ2015 ወጥቶ ተወደደ። 2ኛው ክፍል እንደገና በመዋጮ ተጀምሮ በ2018 ሲወጣ ግን ገበያው ቀዘቀዘ፤ እስካሁንም 3ኛ ክፍል የለውም፤ በ2025 የወጣው አቫውድ በዚያው ዓለም የተሠራ ሌላ ዓይነት ጌም ነው። ያዋጣው ሰው ፍቅሩን አላጓደለም፤ ሳያዋጣ ከገበያ የሚገዛው ሌላው ሰው ነው ያልመጣው። ስለዚህ ስሙን በእርግጥ የያዘ ስቱዲዮ በይፋ ሲጠይቅ ካልሆነ በቀር አታዋጡ፤ በቴሌግራም «ለ4ኛው ክፍል» እያለ ብር የሚሰበስብ ሰው ካያችሁ፣ የሽንብጡን ወንድምሽን ፍላሽ አስታውሱ።

ጥያቄ፦ ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ስድስተኛው ሲወጣ እንዳልቸገር አሁኑኑ ውድ ኮምፒዩተር ግዢልኝ» እያለ ነዘነዘኝ። ምን ይመክሩኛል? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ለዚያ ጌም ሲሉ አሁን አይግዙ። ጌሙ ምን ያህል አቅም ያለው ኮምፒዩተር እንደሚፈልግ ገና አልተነገረም፤ እስኪወጣ ድረስም ዛሬ ውድ የሆነው ዕቃ ዋጋው ሊወርድ፣ ወይም ሊያረጅ ይችላል። ለግምት ያህል ያው ስቱዲዮ በ2023 ያወጣው ስታርፊልድ በትንሹ 16 ጊጋባይት ራም፣ 125 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው ኤስኤስዲ (ፈጣን የማከማቻ ዲስክ) እና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ይጠይቃል፤ ይህ በተራ የተማሪ ላፕቶፕ የሚሞከር አይደለም። በ2016 ታድሶ የወጣው ስካይሪም ደግሞ 8 ጊጋባይት ራምና 12 ጊጋባይት ቦታ ይበቃዋል፤ ግራፊክስ ካርዱም ያረጀ ቢሆን ችግር የለውም።

ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ለትምህርቱ ላፕቶፕ መግዛትዎ የማይቀር ከሆነ፣ ያን ጊዜ 16 ጊጋባይት ራም ያለውን ይምረጡለት። እስከዚያው ዳገርፎል አለለት፤ ባለቤቱ ከ2009 ጀምሮ በነፃ የሰጠው፣ ወዳጆቹም በአዲስ ኢንጂን ደግመው የሠሩት ጌም ስለሆነ አሁን ቤት ባለው ኮምፒዩተር ሊሞክረው ይችላል። ካርታው እጅግ ሰፊ ነውና ፈተናው ካለቀ በኋላ እንዲጀምረው ይንገሩት።