ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይወጣም

ጥያቄው፦ «ሬንጅ ኤክስቴንደር መኪና አለኝ፣ በባትሪ የሚሄድ ግን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭለት ትንሽ የቤንዚን ሞተር ያለው። ማታ ማታ ቤት ቻርጅ አደርጋለሁ። ባትሪው ሲያልቅ የቤንዚኑ ሞተር ይነሳል፣ ዳገት ላይ ግን ጩኸት ብቻ ነው፣ መኪናው እየደከመ ይሄዳል። ሙሉ ቻርጅ ሲሆን ግን እንደ ድሮው እሄዳለሁ፣ ያንኑ ዳገትም እወጣለሁ። ባትሪው ሞቷል ተባልኩ። ሸጬ ሃይብሪድ ልግዛ?»

አትሽጥ ወንድሜ። ባትሪህም የሞተ አይመስለኝም። ሙሉ ቻርጅ ሲሆን እንደ ድሮው ትሄዳለህ፣ ያንኑ ዳገትም ትወጣለህ ብለሃል። የሞተ ባትሪ እንዲህ አይሆንም። የኔ ጥርጣሬ ባትሪውን አሟጠህ ነው ዳገት የምትገባው።

ይቺን ላስረዳህ፣ የሬንጅ ኤክስቴንደርና የሃይብሪድ ክርክር ዋናው እዚህ ጋ ነው። ያንተን ጎማ የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ የቤንዚኑ ሥራ ጄኔሬተር ማዞር ብቻ። ቢኤምደብሊው አይ3ን እንውሰድ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ 125 ኪሎዋት ነው፣ 647 ሲሲ የሆነችው የቤንዚን ሞተር ግን 30 ኪሎዋት እንኳ አትሞላም። ለሜዳ ትበቃለች። ዳገት ላይ ጉድለቱን የሚሞላው ባትሪው ነው። በቀጭን የውሃ ጎማ በርሜል እየሞሉ በሰፊ ቧንቧ እንደ መቅዳት ነው፣ የተጠራቀመው ካለቀ በኋላ የምታገኘው ቀጭኗ የውሃ ጎማ የምታመጣውን ያህል ብቻ ነው። ፕሪየስን የመሰለ ሃይብሪድ ላይ ግን የቤንዚኑ ሞተር በማርሽ ከጎማው ጋር ስለተያያዘ፣ ትንሿ ባትሪ ብትደክምም እሱ ራሱ ይገፋል። ቻርጅ ማድረጊያ ለሌለውና ሁልጊዜ ሩቅ ለሚነዳ ሰው እኔም ሃይብሪድ ነው የምመክረው። አንተ ግን ቤትህ ቻርጅ እያደረግክ ለምን?

መኪናህ ባትሪ የሚቆጥብ ምርጫ ካለው ዳገቱ ሳይደርስ፣ ባትሪው ግማሽ እያለ አብራው።

ቤንዚኑንም ተመልከት። ሞተሩ ለወራት ካልተነሳ ቤንዚን ያረጃል። ሼቭሮሌ ቮልት ለዚህ ሲል ዓመት የሞላውን ቤንዚን ሞተሩን ራሱ አስነስቶ ያቃጥለዋል። አሮጌውን አስወጣና አዲስ ሙላ፣ የአየር ፊልትሮውን ቀይር። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ደግሞ ጣላቸው! በላክልኝ ፎቶ የአንደኛው ነጩ ሴራሚክ ተሰንጥቋል፣ የፋብሪካ ስም እንኳ የለበትም። እንዲህ ያለ ርካሽ ዕቃ ገጥሞ «ባትሪው ነው» የሚል መካኒክ ያበሳጨኛል።

ከሁሉም የባሰው ግን ፎቶው ጥግ ላይ ያለው ነው። ብርቱካናማው ኬብል በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። ማነው እንዲህ ያደረገው? እዚያ ውስጥ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ብርቱካናማ ኬብል አትንካ። መኪናው በቁልፍ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቀራል፣ ስለዚህ አሁንም እልሃለሁ፣ ብርቱካናማውን አትንካ፣ ናስትሮውንም ልፍታው አትበል። የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥልጠናና ጓንት ያለው ሰው ኬብሉን ሙሉውን ይቀይረው።

ኬብሉ ሳይቀየር መኪናውን አታስነሳ። ከዚያ የመኪና መመርመሪያ ኮምፒውተር አሰክተህ ዳገት ላይ ጄኔሬተሩ ስንት ኪሎዋት እንደሚሰጥ አስነብብ። ፋብሪካው ካለው በብዙ ካነሰ ችግሩ የቤንዚኑ ሞተር ጋ ነው፣ ቁጥሩን ላክልኝ።