ተራራ ከመውጣታችን በፊት ትንበያ የቱ ጋ እንፈልግ? ጥያቄና መልስ

ተራራ ለመውጣት ስለሚያዩት የኢንተርኔት ትንበያ ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ደጋግመው የመጡትን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ስልኬ ፀሐይ ነው ይለኛል፣ ላይ ስደርስ ዝናብና ብርድ ይቀበለኛል። ለምን?

መልስ፦ አፑ የነገረህ ከተራራው ግርጌ ስላለው ከተማ ነው። ትንበያ የሚሠሩት የኮምፒውተር ስሌቶች (ሞዴሎች) ምድርን በካሬ በካሬ ከፋፍለው ያሰላሉ፤ የአውሮፓው ኢሲኤምደብሊውኤፍ የአንዱ ካሬ ጎን 9 ኪሎ ሜትር፣ የአሜሪካው ጂኤፍኤስ ደግሞ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ስፋት ውስጥ ሹሉ ጫፍም ሸለቆውም ተደባልቀው አንድ አማካይ ከፍታ ይሆናሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የምትወጣበትን ከፍታ እወቅ። ሙቀት በ1000 ሜትር በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። 2000 ሜትር ላይ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ 4000 ሜትር ላይ 7 ገደማ ጠብቅ። ይህ ግን ነፋሱ ሳይታሰብ ነው፤ እኔ ከዝናቡ ይልቅ አስቀድሜ የማየው ነፋሱን ነው፤ ጫፍ ላይ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ እሺ፣ የትኛውን ድረ ገጽ ልክፈት?

መልስ፦ ማውንቴን ፎርካስት የብዙ ተራሮችን ትንበያ ለግርጌ፣ ለወገብና ለጫፍ ለየብቻ ያወጣል፤ ከዚያ ጀምሪ። ቀጥለሽ ነፋሱን በካርታ የሚያሳየውን ዊንዲን ክፈቺና የከፍታ መምረጫውን ወደ 3000 ሜትር አካባቢ ስትስቢው፣ መሬት ላይ ረጋ ያለው ነፋስ እዚያ ምን እንደሚመስል ታያለሽ። እዚያው ሞዴሎቹን አነጻጽሪ። ከተስማሙ ጥሩ፤ አንዱ ዝናብ ሌላው ብራ ካለ፣ የባሰውን ይዘሽ ተዘጋጂ። የኖርዌዩ ዪርም በነጻ የሚገኝና ለየትኛውም የዓለም ክፍል የሚሠራ ነው።

ጥያቄ፦ «ዝናብ 40 በመቶ» ሲል ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሰዓቱን እይ። በተራራ ላይ ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው እርጥቡ አየር ሽቅብ ይወጣና ከቀትር በኋላ ነጎድጓዳማ ደመና ይሆናል። 40 በመቶው ከሰዓት በኋላ ከሆነ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስተህ ከቀትር በፊት ከጫፉ መውረድ ትችላለህ። ጠዋት ላይ ከሆነ ግን ቀኑን ብትቀይር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስንት ቀን ሲቀረው ልመልከት?

መልስ፦ ከሳምንት በፊት ያየሽው አዝማሚያ ብቻ ነው። ውሳኔው ከዋዜማው ማታና ከመነሻው ጠዋት ይሁን፤ ጂኤፍኤስ በቀን 4 ጊዜ ስለሚታደስ የትናንቱ ያረጃል።

ጥያቄ፦ ላይ ኔትወርክ ባይኖርስ?

መልስ፦ ከመነሳትህ በፊት ትንበያውን ስክሪንሹት አድርገህ ያዝ፣ የወጣበት ሰዓትም ይታይ። ከዚያ በኋላ ዓይንህ ሰማዩ ላይ ይሁን። መብረቅ ካየህ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠር፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሳይሞላ ከሰማህ ወዲያውኑ ከጫፉና ከሸንተረሩ ውረድ፣ የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማህ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትመለስ።