ያላለቀው ግንብና አንድ የክፍያ ደብዳቤ

ለሙያ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት መሐንዲስ ደወለችልኝ። ሦስት ዓመት የደከመችበት ሕንፃ በገንዘብ እጥረት ቆሞባታል። «የሥራ ልምዴ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ያላለቀ ሕንፃ እንዴት የእኔ ሥራ ነው ይባላል?» አለችኝ። በስልክ የሰጠኋት መልስ እኔን ራሴን አላረካኝም። ሽማግሌ ሲጠየቅ ቶሎ «አይዞሽ» ይላል፤ «አይዞሽ» ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ረጋ ብዬ ልጻፍላት ብዬ ተቀመጥኩና፣ እናንተም ብታነቡት አይከፋም በማለት ደብዳቤውን ለሁላችሁ አደረግሁት። ከሩቅ ስለምጀምር ታገሡኝ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ልጄ የሚኖረው ማንቸስተር ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጠይቀው ሄጄ ሳለ፣ «አባዬ፣ አንተ ከሰው ይልቅ ድንጋይ ማየት ትወዳለህ» ብሎ በመኪናው ወደ ሰሜን ዌልስ ወሰደኝ። መጀመሪያ ኮንዊን አየሁ፤ አለት ላይ የተቀመጠ፣ ስምንት ግዙፍ ማማዎች ያሉት፣ ገና ከሩቁ የሚያስፈራ ግንብ። ከዚያ የሜናይን ወሽመጥ በቶማስ ቴልፎርድ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሻገርን። ድልድዩ በ1826 የተከፈተ ነው፤ ስለ እሱ ብጀምር ሌላ ደብዳቤ ስለሚሆንብኝ እዘለዋለሁ። ማዶው አንግልሲ ደሴት ነው። በዳርቻው ትንሽ ነድተን ቦማሪስ ከሚባለው ግንብ ደረስን።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስደርስ ቅር አለኝ። ከኮንዊ በኋላ ቦማሪስ ድንክ ነው። ማማዎቹ ትከሻቸው ላይ የተቆረጡ ይመስላሉ። ዙሪያውን በሞላው ውሃ ላይ ዳክዬዎች ይንሳፈፋሉ፣ ሕፃናት ዳቦ ይወረውሩላቸዋል። «ይኸው ነው እንዴ?» አልኩት ልጄን። እሱም «ግባና እይ» ብሎኝ ቡና ሊጠጣ ሄደ።

ገባሁ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉም አልወጣሁም። ግንብ በግንብ ውስጥ ነው የተሠራው። የውጭው ቅጥር ዝቅ ያለ ነው፤ የውስጡ ከፍ ብሎ በላዩ ያያል፤ ስለዚህ ከውስጥ የቆመ ቀስተኛ የፊተኛውን ወገኑን ሳይነካ በራሱ ላይ አሳልፎ ይወረውራል። የውስጡ ግድግዳ 11 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ውፍረቱ ደግሞ 4.7 ሜትር ነው። ከእኛ ዘመን ክፍሎች አንዱ በውፍረቱ ብቻ ይገባል። በሮቹ እርስ በርስ በቀጥታ አይተያዩም፤ የውጭውን በር ሰብሮ የገባ ጠላት ወደ ጎን መታጠፍ አለበት፤ ሲታጠፍም ጎኑን ለቀስት ይሰጣል። ሁሉም ነገር ግራና ቀኙ እኩል ነው። ኮንዊ ላይ ንድፉን ያዘዘው አለቱ ነበር፤ እዚህ ግን መሬቱ ሜዳና ረግረግ በመሆኑ የመሐንዲሱ እጅ ነጻ ወጣ። ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፤ ንጉሡና ሹማምንቱ በሚናገሩት ፈረንሳይኛ «ያማረ ጨፌ» ማለት ነው። ጨፌ ላይ መሠረት ያወጣ መሐንዲስ ሁሉ ይህን ስም ሲሰማ በሆዱ እንደሚስቅ አልጠራጠርም።

በደቡብ በኩል፣ የባሕሩ በር ከሚባለው አጠገብ፣ የመርከብ ማራገፊያ አለ። ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት 40 ቶን የምትጭን መርከብ ጭነቷን እንደያዘች እስከ በሩ ድረስ እንድትጠጋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ውሃው መከላከያም መንገድም ነበር ማለት ነው። የአገሩ ተወላጆች ዌልሶች በየብስ ቢከቡት እንኳ እህሉ በባሕር ይገባል። እኔ በዕድሜዬ የሠራኋቸው መጋዘኖች ግማሾቹ መኪና ዞሮ የሚወጣበት ቦታ የላቸውም፤ ያንን ማራገፊያ ሳይ ጆሮዬ ጋለ።

ይህን ያሠራው የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ነው። በ1294 ማዶግ አፕ ልዌሊን የሚባል የዌልስ መስፍን አመፀ፤ አመፁ ሲከሽፍ ንጉሡ በ1295 ጸደይ ቦማሪስን አስጀመረ። የሥራው አለቃ በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ካለው ከሳቮይ ምድር የመጣው ጀምስ ነበር፤ ሙሉ መጠሪያው የቅዱስ ጊዮርጊሱ ማስተር ጀምስ ነው። (ፈረሰኛው ሰማዕት በየአገሩ ይገኛል።) በቀን 3 ሽልንግ ይከፈለው ነበር፤ ለዕድሜ ልክም ተፈቅዶለታል። ካርናርቮን፣ ኮንዊና ሃርሌክም የእሱ እጅ አለባቸው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ከግንቡ ይልቅ የማረከኝ አንድ ወረቀት ነው። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ ግድም፣ በፌብሩዋሪ 1296፣ ማስተር ጀምስና የዊንቸስተሩ ዋልተር የሚባለው የሥራው የሒሳብ ጸሐፊ ለንጉሡ ግምጃ ቤት ኃላፊዎች የጻፉት ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። ይዘቱን ሳነብ የሰባት መቶ ዓመት ሰነድ የያዝኩ አልመሰለኝም፤ የክፍያ ጥያቄ ነው! በየወሩ መጨረሻ ስንጽፈው የኖርነው።

በሳምንት 250 ፓውንድ ያስፈልገናል ይላሉ። ያ ሁሉ ገንዘብ በአንድ ሳምንት የት ይገባል ብላችሁ እንዳትገረሙ በማለትም ይዘረዝራሉ፦ 400 ድንጋይ ጠራቢና ግንበኛ፣ 2,000 የጉልበት ሠራተኛ፣ 200 የድንጋይ ካባ ሠራተኛ፣ 30 ብረት ቀጥቃጭ፣ ወለልና ወራጅ የሚመቱ አናጢዎች፣ 100 ጋሪ፣ 60 ትልልቅ ሠረገላ፣ ድንጋይና ከሰል የሚያመላልሱ 30 ጀልባ። የጠባቂው ጦርና የዕቃ ግዢ ከዚህ ውጭ ነው ብለው ያስጠነቅቃሉ። ቀጥለው የደረሱበትን ይናገራሉ፦ ከውጭ ማማዎች አሥሩ፣ ከውስጦቹ አራቱ ተጀምረዋል፤ አራት በሮች ተገጥመው ማታ ማታ ይቆለፋሉ። ስለ ቅጥሩ ሲጽፉ ደግሞ በአንዳንድ ቦታ 28 ጫማ ደርሷል፣ ዝቅ ባለበትም 20 ጫማ ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ከፍተኛውን የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ! አንዱ ጥግ ጣሪያ ሲደርስ «ግድግዳው ጣሪያ ደርሷል» ይባላል፤ ሌላው ጥግ ገና ከመሬት እንዳልተነሣ ግን ፎቶግራፉም አያሳይም። እነዚህ ሰዎች ዝቅተኛውንም ጻፉት። ለአለቃ የሚጠቅመው ቁጥር ያ ነው፤ ጠላት የሚገባው በዝቅተኛው በኩል ነውና።

የሠራተኛውንም ነገር አልሸሸጉም። ደመወዙ በጣም ዘግይቷል፣ የሚበሉት ስለሌላቸው ሰዎቹን ማቆየት እጅግ ከብዶናል ብለዋል። ከደብዳቤው በታች ደግሞ፣ ማኅተም ሊያደርጉ ሲሉ ትዝ ያላቸው ይመስል፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ገንዘቡን ፍጠኑልን፣ አለዚያ እስካሁን የተሠራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል የሚል አክለዋል። ሌላም ልብ ያልኩት ነገር አለ፦ መሐንዲሱና የሒሳብ ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ነው የጻፉት። እኛ ዘንድ ሁለቱ ሻይ አብረው አይጠጡም። ከሒሳብ ሹሙ ጋር ሻይ ጠጡ፣ ልጆቼ፤ እናንተ ክፈሉ።

ገንዘቡ ግን እንደተለመነው አልመጣም። ንጉሡ ፊቱን ወደ ስኮትላንድ ጦርነት አዞረ። በ1300 ግድም ሥራው ተቋረጠ፤ በ1306 እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ማስተር ጀምስ በ1309 አካባቢ ሞተ፤ በ1330 ግድም መዶሻው ለመጨረሻ ጊዜ ዝም አለ። እስከዚያ 15,000 ፓውንድ ያህል ወጥቶበት ነበር። የውስጥ ማማዎቹ የታሰበላቸውን ቁመት ሳያገኙ ቀሩ። እኔን ቅር ያሰኘኝ ድንክነት ያ ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። አርባ ዓመት ይሆነዋል። በአንድ የደጋ ከተማ የእህል መጋዘን እሠራ ነበር። የአሠሪውን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔም ስለሆነ። ገንዘብ ከዋናው መሥሪያ ቤት መምጣት ካቆመ ሁለት ወር ሆነው። የቀን ሠራተኞቹ ከጉልት ሴቶች ሽሮና ጨው በዱቤ እየወሰዱ ይበላሉ። እኔ በየወሩ መጨረሻ «ሥራው በዕቅዱ መሠረት እየተከናወነ ይገኛል» ብዬ እልካለሁ። ለምን? ወጣት ነበርኩ፤ ችግር የሚጽፍ መሐንዲስ ችግር ያለበት መሐንዲስ የሚመስልበት ጊዜ ነበር። አሁንም ሳይሆን አልቀረም።

ዋናው ግንበኛ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ማታ ወደ ድንኳኔ መጥተው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «መሐንዲስ፣ ለላይኞቹ ጽፈውልናል?» አሉኝ። «አዎ፣ ጽፌያለሁ» አልኳቸው። አልጻፍኩም ነበር። እሳቸውም «እግዜር ይስጥልን» ብለው ወጡና ለሰዎቹ ነገሯቸው፤ ሰዎቹም በእሳቸው ቃል ተማምነው ሌላ ሦስት ሳምንት ሠሩ። ከዚያ ክረምቱ ገባ። ግድግዳው ራሱ ሳይሸፈን ነበርና ዝናቡ ከላይ እየሰረገ ቡኬቱን አጠበው፤ በምሥራቅ በኩል የተከፈተው የመሠረት ቦይ ኩሬ ሆነ። ሠራተኞቹ በሁለትና በሦስት እየሆኑ ሄዱ። እሳቸው መጨረሻ ላይ ሲሄዱ ተሰናብተውኛል፤ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ብጽፍ ኖሮ ገንዘቡ ይመጣ ነበር ወይ? ላይመጣ ይችላል። ማስተር ጀምስም ጽፎ ያገኘው ያን ያህል አይደለም። ግን ያ ሽማግሌ ሰዎቻቸውን ይዘው ከዝናቡ በፊት ሌላ ሥራ ይፈልጉ ነበር፤ እኔም የቀረችውን ጥቂት ሲሚንቶ ግድግዳ ከማስረዘም ይልቅ የግድግዳውን ራስ ለመድፈን አውላት ነበር።

ስለ ቦማሪስ አንድ ነገር ሳልል ካለፍኩ ግን ግንብ አምላኪ እሆናለሁ። ግንቡ ከተሠራበት ቦታ አጠገብ ላንቫይስ የሚባል የዌልሶች ከተማ ነበር፤ ወደብና ገበያ ያለው፣ የደራ። ኤድዋርድ ሕዝቡን አስነሥቶ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ርቆ በደሴቱ ሌላ ዳር አሰፈረው፤ አዲሱ ሰፈር ኒውቦሮ ተባለ። የዛሬ ሰው «የልማት ተነሺ» ይለው ይሆናል፤ ልማቱ የማን እንደሆነ ባይነግረንም። የግንቡ ሰሜናዊ በር ዛሬም የላንቫይስ በር ይባላል። ያ በር ደግሞ ከአላለቁት አንዱ ነው። ከሥሩ ቆሜ የማስተር ጀምስን ደብዳቤ በልቤ ደግሜ ሳስበው፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ የተሞላበት ቁጥር ውስጥ የላንቫይስ ቤቶች ብዛት እንደሌለ ገባኝ። ስለ ዌልሶች ያለው፣ ዌልሶች ምንጊዜም ዌልሶች ናቸው፣ ከፈረንሳይና ከስኮትላንድ ጋር ጦርነት ቢነሣ ይበልጥ በዓይነ ቁራኛ እንጠብቃቸው የሚል ነው። ጎበዝ ባለሙያ የአሠሪውን ዓይን ተውሶ ሊያይ ይችላል። እኔም «ባዶ መሬት» የሚል የተጻፈባቸው ፕላኖች ላይ ፈርሜያለሁ፤ ቦታው ስደርስ ጭስ የሚወጣባቸው ጎጆዎች እያየሁ። ፕላን ሲሰጣችሁ ከመፈረማችሁ በፊት በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ሰው እቤቱ የሚገኝበት ሰዓት ነው።

ልጄ ቡናውን ጨርሶ ሲመጣ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ዩኔስኮ በ1986 በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው አራት የኤድዋርድ ግንቦች አንዱ ይኸው ያላለቀው መሆኑን ነገረኝ፤ በሩ ላይ ተጽፎ አንብቦት ነው። «ያላለቀውን እንዴት ካለቁት ጋር መዘገቡት?» አለኝ። እየዞርኩ ግድግዳውን አሳየሁት፤ ሥራው የቆመው አንዱ ጥግ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን ነው። ዙሪያው ገጥሟል፣ ዝቅ ያለ ቢሆንም።

አንቺ ልጄ፣ የደወልሽልኝ፤ የሥራ ልምድሽ ላይ ምን እንደምትጽፊ ከመንገሬ በፊት አንቺ ንገሪኝ። ሥራው ሲቆም ከሁሉ ዝቅ ያለው ግድግዳችሁ ስንት ሜትር ላይ ነበር? ያልተከፈላቸው ሠራተኞች ስንት ናቸው፣ የስንት ቀንስ? የግድግዳው ራስ ተደፍኗል? ይህን ስጽፍ ግንቦት እየተጋመሰ ነው። ካልተደፈነ የሥራ ልምዱን ለጊዜው ተይውና ለአሠሪዎቹ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፤ ከሒሳብ ሹሙ ጋር ሆናችሁ ፈርሙበት፣ አንድ ቅጂም ለእኔ ላኪልኝ።