የወደቀ ዛፍ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ማን ነው?

ጠያቂው እንዳስረዱት፣ የጎረቤታቸው ዛፍ በነፋስ ወድቆ አጥራቸውንና መኪናቸውን ጎድቷል፤ ጎረቤታቸው ደግሞ «ነፋስ የጣለውን እኔ አልከፍልም» ብለዋል። በመድን ሥራ የንብረት ጉዳት ስገመግም ይህን ክርክር ደጋግሜ አይቸዋለሁ።

በብዙ አገሮች ሕግ ዛፉ የጎረቤት መሆኑ ብቻውን ካሳ አያስገኝም፤ ነፋስ ጣለው መባሉም ብቻውን ባለቤቱን ነጻ አያወጣም። ዋናው ጥያቄ ባለቤቱ ዛፉ አደገኛ መሆኑን ያውቅ ነበር ወይስ ማወቅ ይገባው ነበር የሚለው ነው። ከግንዱ ሥር የበቀለ እንጉዳይ፣ የደረቀ ትልቅ ቅርንጫፍ፣ ጥልቅ ስንጥቅ ወይም በቅርቡ የጀመረ ማዘንበል ማንም የሚያየው ምልክት ስለሆነ፣ ባለቤቱ «የዛፍ ዕውቀት የለኝም» ቢልም ባለሙያ መጥራት ነበረበት ይባላል። በሌላ በኩል በዚያ ዘመን የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የሎርዶች ምክር ቤት፣ አንድ ያረጀ የኤልም ዛፍ መኪና ላይ በወደቀበት የታወቀ ክርክር፣ የሥሩ በሽታ ከውጭ የማይታይ ስለነበር ባለቤቶቹን ተጠያቂ አላደረጋቸውም። ፈረንሳይ ግን የተለየች ናት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጓ አንቀጽ 1242 መሠረት አንድን ነገር በጥበቃው ሥር ያደረገ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚኖሩበትን አገር ሕግ ይጠይቁ።

የነፋሱ መከራከሪያም ቢሆን የሚያዋጣው ነፋሱ ያልተለመደና ሊገመት የማይችል ከሆነ ነው። በአካባቢው ያሉ ሌሎች ዛፎች ሁሉ ቆመው ያ አንዱ ብቻ ከወደቀ፣ ዳኛው ወደ ግንዱ መመልከቱ አይቀርም።

እኔ አብዝቼ የምመክረው ማስረጃን ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ዛፉ ተቆራርጦ ከተጫነ በኋላ ነው ሰዎች ወደ እኛ የሚመጡት። የተሰበረውን ቦታ፣ ሥሩን፣ የበሰበሰውን ውስጠኛ ክፍልና የተጎዳውን ንብረት ከነቀኑ ፎቶ ያንሡ፤ ቢቻል ከግንዱ ቁራጭ አስቀርተው ለባለሙያ ያሳዩ። ከአደጋው በፊት ለጎረቤትዎ ስለ ዛፉ የላኩት መልእክት ካለ፣ አጭርም ቢሆን፣ ከማንኛውም ምስክር ይበልጣል፤ በቃል ብቻ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ግን በቀላሉ ይካዳል።

መድን ካለዎት ከጎረቤትዎ ጋር ከመካሰስዎ በፊት ለመድን ድርጅትዎ ያሳውቁ። ውልዎ የራስዎን መኪና ጉዳት የሚሸፍን ከሆነ ድርጅቱ ከፍሎዎት፣ ጎረቤትዎ ጥፋተኛ ከሆኑ በእርስዎ ቦታ ተተክቶ ሊጠይቃቸው ይችላል፤ ለሦስተኛ ወገን ብቻ የተገባ መድን ግን ለእርስዎ መኪና አይከፍልም። ድርጅቱ ሳያውቅ «ይቅር ብያለሁ» ብለው አይፈርሙ፣ መብቱን ያሳጡታልና።

አንድ ነገር ራስዎን ይጠይቁ፦ ለአጥር ወይም ለቧንቧ ሲቆፍሩ የዛፉን ሥር ቆርጠው ነበር? ከሆነ ካሳው ሊቀነስ፣ አንዳንዴም ሊቀር ይችላል። ዛፉ በትክክል ወሰኑ ላይ የበቀለ ከሆነም በብዙ ቦታ የጋራ ንብረት ስለሚሆን ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጎረቤትዎ ግቢ ውስጥ የሚያሰጋ ሌላ ዛፍ ከቀረ ደግሞ፣ ዛሬውኑ በጽሑፍ አስታውቀው ቅጂውን ያስቀሩ።