የወንዝ ዳር ወፎችን ማየት ለምትጀምሩ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ባዮሎጂ በማስተማር ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ተማሪዎቼ እየደወሉ ይጠይቁኛል። «ወፍ ለማየት የት እንሂድ? ላንጋኖ? አዋሽ?» ገንዘቡ ካላችሁ ሂዱ፣ ደስ ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ባንተይቀጡ ወይም ቀበና ወንዝ ዳር እንድትቆሙ እፈልጋለሁ። ከቤታችሁ ወይም ከሥራችሁ በእግር የምትደርሱበትን አንድ ቦታ ምረጡ። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ተመላለሱ።

ለምን እንደሆነ በመስቀል ወፍ ላስረዳችሁ። ጠፍቶ የከረመ ሰው ብቅ ሲል «እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ!» እንለዋለን። ወፏ ግን የትም አልሄደችም። በዚህ ስም ከምንጠራቸው አብዛኞቹ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አገር ናቸው። ክረምት ሲገባ ወንዶቹ ላባቸውን ይለውጣሉ። አንዱ ጥቁርና ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ ሌላው ከገላው የሚረዝም ጭራ ያበቅላል። ሣሩ አድጎ ዘር የሚይዝበት፣ ጎጆ የሚሠራበት ወቅት ስለሆነ ነው። በጋው ሲገፋ ጌጡ ይረግፍና ወንዱም እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ጥር ላይ ድንቢጥ መስሏችሁ ታልፉታላችሁ። በየወሩ የተመላለሰ ሰው ግን ላባውን በመለወጥ ላይ ያለውን ወንድ ያገኘዋል፤ በቡናማው መሀል ጥቁሩ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብሎ። እኔ ከሙሉ ጌጡ ይልቅ ይሄን መልኩን እወዳለሁ።

ከሩቅ የሚመጡት ሌሎች ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ ሣር ላይ የምትሮጥ፣ ሆዷ ቢጫ የሆነ፣ ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል የምታወዛውዝ ትንሽ ወፍ ታያላችሁ። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽታ የመጣች ናት። ጥቅምት ላይ ቢጫዋ ደብዘዝ ያለ ነው፤ መጋቢት ላይ ልትመለስ ስትል ወንዱ ሎሚ ይመስላል። ቦታ የቀያየረ ሰው ይህንን ለውጥ አያየውም።

በክረምት ደግሞ ማለዳ በጣሪያችሁ ላይ እየጮኹ የሚያልፉትን ትልልቅ ወፎች ተከተሉ። ምንቃራቸው ረጅምና ቆልማማ ነው፤ ሲበሩ ክንፋቸው ላይ ነጭ ይታያል። በለሰለሰው አፈር ውስጥ ምንቃራቸውን እየሰኩ ትል ይለቅማሉ። በዓለም ላይ ያሉት ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ ነው። እኛ ግን ስለለመድናቸው ቀና ብለን አናያቸውም።

ወንዞቻችን ከእንጦጦ ወርደው መሀል ከተማ ሲደርሱ ፍሳሽና ፕላስቲክ ይሸከማሉ። ያንገበግበኛል። ባለፉት ዓመታት በየዳርቻው መናፈሻ ተሠርቷል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ተከርክሞ ያለቀ ሣር ዘር አይዝም፣ ጎጆም አይሆንም። ስለዚህ መናፈሻ ስትገቡ ጠርዙ ላይ ያልታጨደውን ፈልጉ። አትክልተኛውንም ሰላም በሉና «ይቺን ጥግ እስከ ኅዳር ብትተዋትስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ ይሰማሉ።

ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጡ። ጥንብ አንሳና ጭልፊት ግን ቆየት ብላችሁ ጠብቁ፤ ወደ ላይ የሚያነሳቸው በፀሐይ የሞቀ አየር ነው። ባይኖኩላር ከያዛችሁ ቤተ መንግሥቱ አካባቢ ጥበቃዎቹን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ስሙ ያቃታችሁን ወፍ 4 ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም ሄዳችሁ ከናሙናዎቹ ጋር አስተያዩ።

ደብተር ደግሞ ያዙ። ስልክ ላይ የቀረ ፎቶ ብቻ አይበቃም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ወፏ ምን ስትበላ እንደነበር ጻፉ። ያልመጣችውንም ጻፉ። አምና ጥቅምት ላይ የነበረች ወፍ ዘንድሮ ከቀረች፣ ስለ ወንዙ የሚሟገት ሰው ነገ ማስረጃ አድርጎ የሚያቀርበው ያንን ገጽ ነው።